በተርፍላይ ዊድ፦ ሁለት ሰመር ያሳለፈ ተክል ግምገማ

ሜሪላንድ አካባቢ የምትኖሩ፣ ከቤታችሁ ፊት ለፊት ፀሐይ የሚወቅጠው፣ ሣር እንኳ ጁላይ ላይ የሚያርበት ቁራጭ መሬት ካላችሁ ይሄን ተክል ገዝታችሁ ትከሉ። እኔ በእግረኛው መንገድና በመኪና ማቆሚያው መሃል ጠጠራማ አፈር ላይ ተክዬው እነሆ ሁለተኛ ሰመሩን ጨረሰ። ሳይንሳዊ ስሙ አስክሌፒያስ ቱቤሮሳ ነው፤ የዚሁ የሰሜን አሜሪካ የዱር አበባ። ቆላ ያደገ ሰው ጦቢያን ያውቃል አይደል? ዘመዱ ነው፤ ግን እንደ ጦቢያ ሲቆርጡት ወተት አይወጣውም።

የመጀመሪያው ዓመት አሰልቺ ነው። እስኪይዝ ድረስ ውሃ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ታች እየላከ እንደ ካሮት የወፈረ ሥር ይሰዳል። ከላይ የሚታየው ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው። ድርቅን የሚችለው በዚያ ሥር ስለሆነ ግን አልተቀየምኩትም። ዘንድሮ ከሜይ በኋላ የውሃ ጎማ አላስጠጋሁበትም።

ስፕሪንግ ላይ ተጠንቀቁ። ሌላው ሁሉ አፕሪል ላይ ሲለመልም እሱ ሜይ እስኪጋመስ ድረስ ወሬው የለም። ብዙ ሰው «ሞቷል» ብሎ የሚቆፍረው ያኔ ነው። ፎል ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ቦታው ላይ እንጨት ሰክታችሁ ምልክት አድርጉ።

ጁን ላይ ሲያብብ ግን! ቁመቱ ጉልበት አይደርስም፣ ብርቱካናማው ቀለም ግን ከመንገዱ ማዶ ይጣራል። ንቡ፣ ቢራቢሮው ቀኑን ሙሉ አይለየውም። የደረቀውን አበባ ስትቆርጡለት ደግሞ ዳግም ያብባል። አጋዘኑ የሰፈሩን ሆስታ (ሰው ለቅጠሉ ውበት የሚተክለውን) ሙልጭ አድርጎ በልቶ ይሄንን አሽትቶ ያልፈዋል።

ቅሬታዬ፦ ሞናርክ ቢራቢሮ እንቁላል ይጥልበታል ብላችሁ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ትንሽ ታዝናላችሁ። መጥቶ የአበባውን ማር ይጠጣል፤ እንቁላሉን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሎቹ የዚህ ዘር ተክሎች፣ በተለይ ስዋምፕ ሚልክዊድ የሚባለው ላይ መጣል ይመርጣል። ጁላይ ላይ ቢጫ ክሽክሽ ግንዱን ይሸፍነዋል፤ በጎማ ውሃ ጠንከር አድርጋችሁ አጥቡት እንጂ መድኃኒት አትርጩ፣ ትሉንም ቢራቢሮውንም ትገድላላችሁ። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ አንዴ ከተተከለ በኋላ ማዛወር አይታሰብም። ውሃ የሚቋጥር ሸክላ አፈር ላይ ደግሞ ዊንተሩን ሥሩ ይበሰብሳል። ቢበላ መርዝ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ወይም ውሻ ያለበት ቤት ያስብበት።

ስትገዙ ትልቁን ትታችሁ ትንሹን ችግኝ ውሰዱ፣ ቶሎ ይለምዳል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሻጩንም ተባይ ማጥፊያ ተረጭቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ከዘር ለማብቀል የምትፈልጉ፣ ዘሩን እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጋችሁ ለ30 ቀን ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ አበባውን ለማየት ግን ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለ።