«የመቶ ዓመት» ተብለው ስለሚሸጡ የኸርሺ ቸኮሌት ጣሳዎች ማስጠንቀቂያ

አሜሪካ ለምትኖሩና በኦንላይን ወይም በአሮጌ ዕቃ ገበያ ጥንታዊ ጣሳ ለምትገዙ ወገኖች ይህን ማሳሰቢያ ጽፌአለሁ። የኸርሺ ቸኮሌት የድሮ መለያ የታተመባቸው ጣሳዎች «የ1912 ዕቃ» እየተባሉ በውድ ዋጋ ሲቀርቡ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በቅርብ የመረመርኳቸው ግን ኩባንያው ራሱ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቀድሞ መለያውን አስመስሎ ያሳተማቸውና ቸኮሌት ሞልቶ የሸጣቸው ናቸው። በእርግጥ ኩባንያው ማንንም አላታለለም፤ የቅጂነታቸውን ነገር በአብዛኞቹ ላይ በትንንሽ ፊደል ጽፎታል። ተንኮሉ የሚጀምረው ጣሳው ሁለተኛ እጅ ላይ ሲደርስ ነው። ሻጩ የሥዕሉን ዘመን የጣሳው ዘመን አስመስሎ ያቀርባል፤ ፎቶ ሲያነሣም ክዳኑንና ፊቱን እንጂ ግርጌውን አያሳይም።

አንድ ወዳጄ በ85 ዶላር የገዛውን ጣሳ አሳይቶኝ ነበር። ግርጌው ላይ ቡናማ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፏል፤ ሻጩም «ጠረጴዛ እንዳይጭር ያኔውኑ የተደረገ ነው» ብሎታል። የጨርቁን ጠርዝ በጥፍር ስናነሣው የባርኮድ መስመሮች ብቅ አሉ። ዝገቱም ቢሆን ክዳኑ መሐል ላይ እንደ ተረጨ ሁሉ እኩል ተበትኗል፤ እርጥበት ቀድሞ የሚይዘው የክዳኑ ማጠፊያ ውስጥ ግን ብረቱ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ሻጩ ገንዘቡን እንዲመልስ ሲጠየቅ «እኔም የገዛሁት እንደዚሁ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የግርጌውን ፎቶ ጠይቁ፤ ሰበብ የሚያበዛ ሻጭ ከገጠማችሁ ተዉት። ባርኮድ በሱፐርማርኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ1974 ኦሃዮ ውስጥ ነው፤ አምስት አሃዝ ያለው ዚፕ ኮድም (የፖስታ አድራሻ ቁጥር) የመጣው በ1963 ነው። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የኩባንያው ስም ነው፤ «ኸርሺ ፉድስ ኮርፖሬሽን» የሚለው መጠሪያ በሥራ ላይ የነበረው ከ1968 እስከ 2005 ስለሆነ፣ ይህ ስም የታተመበት ጣሳ በምንም ተአምር የ1912 ሊሆን አይችልም።

ግርጌው ተፍቆ ወይም ተቀብቶ ከሆነ ጥሩ ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ሥዕሉን ተመልከቱ። በዘመናዊ ማተሚያ የታተመው በሰማያዊ፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ነጠብጣቦች የተሠራ ሲሆን፣ ነጠብጣቦቹ በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። በጥንቱ የድንጋይ ሊቶግራፍ (ሥዕሉ ድንጋይ ላይ ተሥሎ በሚታተምበት ዘዴ) የተሠራው ግን ቀለሙ ሙሉ ነው፤ ነጠብጣብ ቢኖረውም በእጅ የተደረገ በመሆኑ ሥርዓት የለውም። ማግኔት አስጠግተው «ያዘው፣ እውነተኛ ነው» የሚሉ ሻጮችም አሉ፤ አሮጌውም አዲሱም በቆርቆሮ የተለበጠ ብረት ስለሆነ ማግኔት ሁለቱንም ይይዛል።

በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሳንቲም ቅጂ ላይ «ኮፒ» የሚል ቃል እንዲታተም፣ የምርጫ ቅስቀሳ ባጅ ቅጂ ላይ ደግሞ የተሠራበት ዓመት እንዲጻፍ ያስገድዳል። የከረሜላ ጣሳ ግን በዚህ ሕግ ስላልተካተተ መከላከያችሁ ያለው በውሉና በአከፋፈሉ ላይ ነው። ሻጩ «በ1912 የተሠራ» ብሎ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ አድርጉ፤ «የ1912 ዲዛይን» ወይም «ቪንቴጅ» (የድሮ ዘመን) የሚለውን እንደ ማረጋገጫ አትቁጠሩት። ክፍያውን በክሬዲት ካርድ ፈጽሙ፤ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላኪያ) የተላከ ገንዘብ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ኢቤይ ላይ ገዝታችሁ ዕቃው ከማስታወቂያው ጋር ካልተስማማ፣ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ የማስታወቂያውን ገጽ ግን ሻጩ ሳያነሣው ቀድማችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።