ሳይለኩ ሽቦ የማይነኩ ኤሌክትሪሺያን

ይህን የምጽፈው መኪናዬን የሠሩልኝን ሰው በአደባባይ ለማመስገን ነው። ዳሽ ካሜራ፣ ጂፒኤስ ወይም ተጨማሪ መብራት ለማስገጠም ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ሥራውን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት አንብቡልኝ።

ከወራት በፊት ሌላ ባለሙያ ዳሽ ካሜራና ሁለት ፎግ ላይት ገጠመልኝ። በአንድ ሰዓት አለቀ፣ ሁሉም በራ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ አራት አምስት ቀን ከቆመች አልነሳም ማለት ጀመረች። ባትሪው አርጅቷል ተብዬ አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ሳይከርም ወረደ። አንድ ማታ ፎግ ላይቱን አብርቼ ስነዳ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከኋላ ልጆቼ ተኝተው ነበር። ዳር ይዤ ቆምኩና ልጆቼን አወረድኳቸው። ያ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

እኚህን ሰው ያገኘኋቸው በጓደኛዬ ጥቆማ ነው። ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ «ልጄ፣ እነዚህ ዕቃዎች ኃይል የሚወስዱት ከየት ነው?» አሉኝ። ምን ልመልስ? ያስገጠምኩ ጊዜ ይህን ጠይቄ አላውቅም።

ቁልፉን አውጥተው፣ በሮቹን ቆልፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። የዛሬ መኪና ቁልፉ ከወጣ በኋላም ኮምፒውተሮቹ ወዲያው አይተኙም፤ ሳይተኙ የተለካ ቁጥር ያሳስታል አሉኝ። ከዚያ መልቲሜትራቸውን (የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን) በባትሪው ኔጋቲቭ መስመር መሀል አስገቡ። 350 ሚሊ አምፔር አነበበ። ጤነኛ መኪና ቆማ ሳለች የምትወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። ሒሳቡን አብረን ሠራነው፦ በቀን 8.4 አምፔር ሰዓት፣ በአምስት ቀን 42። የኔ ባትሪ ጠቅላላው 60 ነው። ያ የጣልኩት ባትሪ ምንም ችግር አልነበረበትም ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ዳሽቦርዱ ሲፈታ ነገሩ ሁሉ ተገለጠ። የካሜራው ሽቦ፣ ቁልፍ ቢወጣም ኃይል በማይቋረጥበት መስመር ላይ፣ ፊውዝ (ኃይል ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) ሳይደረግለት ተጠምጥሞ በቴፕ ተሸፍኗል። ፎግ ላይቶቹ የባሱ ነበሩ። ሁለቱ አምፖሎች 55፣ 55 ዋት ናቸው፤ ብቻቸውን ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። የተቀጠሉት ግን ለሬዲዮ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። የሬዲዮው 10 አምፔር ቀይ ፊውዝ ሸክሙን አልችል ሲል ወጥቶ በቦታው 30 አምፔር አረንጓዴ ገብቷል። ጋሼ የቀለጠውን ሽቦ መዳፌ ላይ አስቀምጠው «ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ትልቅ ካስገባህበት መጀመሪያ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ይሆናል» አሉኝ።

ለፎግ ላይቱ ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ዘረጉ፤ ከባትሪው ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ 15 አምፔር ሰማያዊ ፊውዝ አስቀመጡ። ዋናውን ጉልበት ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ ይሸከማል። ማብሪያው ሪሌዩን ለመቀስቀስ ብቻ ትንሽ ኃይል ይወስዳል፤ እሱም ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚነቃ መስመር ስለሆነ መብራቱ ተረስቶ አያድርም።

ለካሜራው ከፊውዝ ሳጥኑ ቦታ ፍለጋ ረጅም ጊዜ ወሰደ። አንዱ ቦታ ቁልፉ ከወጣ በኋላም ኃይሉ አልጠፋም፤ ሌላው በር ሲከፈት ይነቃል። ኤርባግ፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የፍሬን ሥርዓት) እና የሞተር ኮምፒውተር የተጻፈባቸውን ጭራሽ አልነኳቸውም፤ በዳሽቦርዱ ሥር የሚያልፉትን ቢጫ ሽፋን ያላቸው የኤርባግ ሽቦዎችም እንዲሁ። በመጨረሻ ከቁልፉ ጋር የሚነቃና የሚጠፋ አገኙ። ሽቦ ሳይቆርጡ በፊውዙ ቦታ የሚሰካ ባለ ሁለት ፊውዝ ማከፋፈያ አስገቡ፤ ለኩ፤ አወጡ፤ ገልብጠው እንደገና ሰኩ። በተቃራኒው ከገባ የሁለቱም ጭነት በአንዱ ፊውዝ ያልፋል አሉ። መኪናዋ ቆማም ይቅረጽ ካልክ ባትሪው 12.2 ቮልት አካባቢ ሲደርስ የሚያቋርጥ መሣሪያ ይጨመርበታል ብለውኝ ነበር፤ አልፈለግኩም።

የዕቃዎቹን ኔጋቲቭ ሽቦ ያሰሩት ቀለሙ በተፋቀ የቦዲ ብረት ላይ ነው። የባትሪው ጫፍ ላይ ያልሆነው በኔጋቲቭ በኩል የባትሪውን ሁኔታ የሚከታተል ሴንሰር ስላለ ነው፤ ሴንሰሩን ዘሎ የሚሄደውን ኃይል አይቆጥረውም። እኔ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሲጨርሱ እንደገና ጠብቀው ለኩ፦ 28 ሚሊ አምፔር። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ሦስት ሳምንት ቆማ በአንድ ቁልፍ ተነሳችልኝ። በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ፣ ሽቦው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው በእጃቸው ጽፈው ለጥፈውልኛል፤ ነገ ሌላ ሰው ቢከፍተው እንዳይደናገር ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፈጣን አይደሉም። ግማሽ ቀን ሊወስዱ ይችላሉ፣ ቀጠሮም ያስፈልጋል፤ የቸኮላችሁ ቀን አትሂዱ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ልጆቼም አመስግንልን ብለዋል።