ሐናንያና ኤርምያስ፦ ሁለቱም «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» አሉ

ኤርምያስ 28ን ሳነብ ሁሌም ልቤ ይነካል። ሁለት ሰዎች በቤተ መቅደሱ፣ በካህናትና በሕዝብ ፊት ቆመዋል። ሁለቱም በእግዚአብሔር ስም ይናገራሉ።

የገባዖኑ ሐናንያ ሕዝቡ ሊሰማው የጓጓውን ተናገረ። በ2 ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል፤ የተዘረፈው የቤተ መቅደስ ዕቃም ይመለሳል። ኤርምያስ የባቢሎን አገዛዝ ምልክት አድርጎ በአንገቱ ያደረገውን የእንጨት ቀንበርም ወስዶ ሰበረው። እኔም እዚያ ብኖር እልል ባልኩ ነበር።

የኤርምያስ ቃል ግን መራራ ነው፦ ለባቢሎን ንጉሥ ተገዙ። ምዕራፍ 29 ላይ ደግሞ የባቢሎን ዘመን 70 ዓመት ነው ይላል። ለሰሚው እኮ ያ ዕድሜ ልክ ነው! ይበልጥ የሚገርመኝ ለሐናንያ የሰጠው መልስ ነው። መጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» አለ። የሕዝቡን መከራ አልተመኘም። የሰላም ትንቢት የሚታወቀው ሲፈጸም ነው ብሎም መንገዱን ሄደ። የተመለሰው ከእግዚአብሔር ቃል ሲመጣለት ነው፤ ሐናንያንም በዚህ ዓመት ትሞታለህ አለው።

ሐናንያ በዚያው ዓመት፣ በ7ኛው ወር ሞተ።

ዘዳግም 18 ትንቢቱ ያልተፈጸመለትን ነቢይ አትፍራው ይላል። ዘዳግም 13 ግን ከዚያ ያልፋል፤ ምልክቱ ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራህን አትስማ። ስለዚህ ዛሬ «በዚህ ወር ቪዛህ ይመጣል» የሚለኝን ሰው ቪዛው ስለመጣ ብቻ አላምነውም። ወደ ማን እየወሰደኝ እንደሆነ መጽሐፉን ገልጬ አያለሁ።