ሊብሬሊንክአፕ፦ የባለቤቴ ስኳር በእኔ ስልክ ላይ

ባለቤቴ ኢንሱሊን መውሰድ ከጀመረ ብዙ ዓመታት ሆነውታል፤ እዚህ አሜሪካ የሚጠቀመውም አቦት የተባለው ኩባንያ የሚያመርተውን ሊብሬ 2 ፕላስ የተሰኘ የስኳር መለኪያ (ሴንሰር) ነው። በላይኛው ክንድ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው ይህ ሴንሰር እስከ 15 ቀን የሚያገለግል ሲሆን፣ የስኳሩን መጠን በየደቂቃው ወደ ስልኩ ይልካል። የምገመግመው ግን ሴንሰሩን ሳይሆን ሊብሬሊንክአፕን ነው፤ ይኸውም ታማሚው ሲፈቅድ ቁጥሩን ለቤተሰቡ የሚያሳይ ነፃ መተግበሪያ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ጥያቄ ማስቀረቱ ነው። «ለካህ ወይ?»፣ «መርፌህን ወሰድህ?» የሚሉት ጥያቄዎች ከአሳቢነት የሚመነጩ ቢሆኑም፣ ጧትና ማታ ሲደጋገሙ ሚስትን ተቆጣጣሪ፣ ባልን ደግሞ ተጠርጣሪ ያደርጋሉ። ቁጥሩንና ስኳሩ እየወጣ ወይም እየወረደ መሆኑን የሚያሳየውን ቀስት ራሴ ማየት ከቻልሁ ወዲህ፣ እሱ ከሥራ ሲገባ የመጀመሪያው ወሬያችን ስለ ስኳር መሆኑ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ ማየትና መናገር ለየቅል ናቸው። ባለቤቴ ሠርግ ላይ ሆኖ እንጀራውን ሲጎርስ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ከቤት ሆኜ እመለከታለሁ፤ በዚያች ሰዓት «ምን በልተህ ነው?» ብሎ መጻፍ ደግሞ በሰው ፊት ከማሳፈር አይተናነስም። ስለዚህ የከፍተኛ ስኳር ማስጠንቀቂያውን በእኔ ስልክ ላይ አጥፍተነዋል፤ ስለዚያ የምንነጋገረው እሱ ሲያነሳው ወይም የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ ነው። ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ግን እደውላለሁ፤ ካላነሳ ለሥራ ባልደረባው እደውላለሁ። ይህን ደንብ ያወጣው እሱ ራሱ በመሆኑ ስደውል አይከፋውም።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ጠብ ሲነሳ ነው። ስኳር ሲወርድ ላብና መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን መነጫነጭና ግራ መጋባትም ያመጣልና፣ መተግበሪያው አንዳንዱ ቁጣ የጠባይ እንዳልሆነ አሳይቶኛል። በዚያ ሰዓት ክርክሩን አቁሞ 15 ግራም ያህል ስኳር ያለው ጭማቂ ማቅረብ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ይገባል። ነገር ግን ሚስት ስልኳን እያየች «ስኳርህ ወርዶ ነው እንዲህ የምትለው» ማለት ከለመደች፣ ባል እውነተኛ ቅሬታውን የሚያሰማበት ጊዜ አያገኝም። እኛ ቤት ጭማቂው ይቀድማል፤ ቁጥሩ ሲስተካከል ግን ቅሬታው ይደመጣል እንጂ ከበሽታው ጋር ተቆጥሮ አይቀርም።

በሁዳዴም ጠቅሞናል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም ባታስገድድም ባለቤቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትን ይወዳል፤ ቀድሞ እኔ ከልካይ እሱ ተከራካሪ ነበርን። አሁን ከሐኪሙ ጋር የኢንሱሊኑን መጠን ተነጋግሮ፣ ቁጥሩ ከወረደ ወዲያው ጾሙን እንደሚፈታ ተስማምተናል። (የንስሐ አባታችንም የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን ከእኔ አፍ ሲወጣ ንዝነዛ ይመስል ነበር።)

ቁጥሩን እንደ ፍርድ ቃል መውሰድ አይገባም። ሴንሰሩ የሚለካው ከደም ሳይሆን ከቆዳ ሥር ካለው ፈሳሽ ስለሆነ ስኳሩ በፍጥነት ሲለዋወጥ ጥቂት ደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል፤ በክንድ ላይ ሲተኙበትም ካለው በታች ሊያሳይ ይችላል። ስሜቱና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣትን ወግቶ መለካት ያስፈልጋል፤ ይህን ሁለቱም ማወቅ አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ ስልኩን ሌላው ሰውነቱን ይዞ መሟገት ይመጣል።

መተግበሪያው ነፃ ቢሆንም ሴንሰሩ ያለ ኢንሹራንስ ውድ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሴንሰር ሽፋኑን ኢንሱሊን ለሚወስዱ አባላቱ ሁሉ አስፍቷል። ለባልና ሚስት እመክረዋለሁ፤ ይሁንና ግብዣውን የሚልከው ታማሚው ስለሆነ፣ ሳይፈልግ በልመና እንዲልክ ባይደረግ ይሻላል፤ ማጋራቱንም በፈለገበት ጊዜ ሊያቆመው ይችላል።