ቪአር መነጽር ለሕክምና ተማሪዎች፦ ከወራት ልምምድ በኋላ፣ ከደብረ ብርሃን

ከመስከረም ጀምሮ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን ከታካሚ ጋር መነጋገር የማለማምደው በራሴ ገንዘብ በገዛሁት ቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ ሲደረግ በቪዲዮው ቦታ ውስጥ ያለን በሚያስመስል መነጽር ነው። ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ መብራት ቢጠፋም ልምምዱ አይቋረጥም። በጠዋቱ ብርድ ሌንሱን ጉም ይሸፍነዋል፤ ቀደም ብዬ ከፍቼ አሞቀዋለሁ። ፀሐይ ላይ ግን ፈጽሞ አታስቀምጡት፤ ሌንሱ ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል።

ዋናው ጉዳይ ይዘቱ ነው። ተዘጋጅተው የሚገኙት ልምምዶች ላይ ታካሚዋ ሐኪሙን ዓይን ዓይኑን እያየች «ፈርቻለሁ» ትለዋለች። ከመንዝ የመጡ እናት እንዲህ አይሉም። «እንዴት አደሩ እማማ?» ሲባሉ ሆዳቸውን እንደያዙ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ተማሪው ይህን ሰምቶ ካለፈ ሕመማቸውን ሳያውቅ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን ሁሉ የሚቀርጽ 360 ዲግሪ ካሜራ ተውሼ የሰፈር ሰዎችን እያስተወንኩ በአማርኛ ቀረጽኩ። አንዱ አባት ጠበል ስለጀመሩ መድኃኒቱን ትተዋል፤ ተማሪው ሳይቆጣና ሳያሳፍራቸው ሁለቱን አብረው እንዲይዙ ማግባባት አለበት። ሌላው ከባድ ዜና መንገር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው ስፓይክስ የተባለው ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ፣ ታካሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጠየቅ ይላል። እዚህ ግን የታካሚዋ ልጅ በር ላይ ይጠብቅና «ዶክተር፣ ለእሳቸው እንዳይነግሯቸው፤ ለእኔ ይንገሩኝ» ይላል። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በሚነገርበት አገር ልጁ እናቱን እየጠበቀ ነው። ተማሪው እሱን ሳያስቀይም የእናትየውን ፍላጎት መጠየቅን መልመድ አለበት።

ከሁሉም የጠቀመን ካሜራውን ትራስ ላይ አድርገን የቀረጽነው ነው። ተማሪው ታካሚ ሆኖ ተኝቶ፣ ሐኪሞች ከበላዩ ቆመው በእንግሊዝኛ ስለ እሱ ሲነጋገሩ ያያል። ከዚያ ወዲህ ዋርድ ስንገባ ወንበር ስበው ታካሚው አጠገብ የሚቀመጡ ተማሪዎች በዝተዋል።

ቪዲዮው ለጥያቄ አይመልስም፤ እኔ እያቆምኩ ተማሪውን አናግረዋለሁ። እጅ መያዝ፣ ዝም ብሎ ማዳመጥ ደግሞ አልጋው ዳር ካልሆነ አይለመድም። በራሳችሁ ቋንቋ የምትቀርጹ ከሆነ መነጽሩን ግዙት፤ ለተዘጋጁት ልምምዶች ብቻ ከሆነ ግን ታካሚ መስሎ የሚተውን ሰው ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይሻላል።