ብሌንደሬን ያሳረፈው የድንች መጨፍለቂያ

መርካቶ የወጥ ቤት ዕቃ ከሚሸጥበት መደዳ በ400 ብር ገዛሁት። ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ አለው፤ ታቹ ደግሞ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ክብ ብረት ነው። ሻጩ ራሱ ለምን እንደሚያገለግል በደንብ ያወቀ አይመስለኝም፤ «ሽሮም ታማስልበታለህ» አለኝ። ሽሮ አላማሰልኩበትም። ነጭ ሽንኩርት የገባበት ማሽድ ፖቴቶ (ተቀቅሎ የተጨፈለቀ ድንች) ግን ከገዛሁት ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሠራሁ እኔም አላውቀው።

ድሮ በብሌንደር ነበር የምፈጨው። አንድ ቀን እንግዳ ጠርቼ፣ ልስልስ እንዲልልኝ ብዬ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አስጮህኩት። ኮላ ሆኖ ወጣ። ማንኪያውን ሳነሳ ድንቹ እየተለጠጠ አብሮ ይነሳል። ለካ ድንች ውስጥ ያለው ስታርች የሚባለው ዱቄት ነው ጉዱ፤ ስለቱ በፍጥነት ሲሽከረከር ስታርቹን የያዙትን ጥቃቅን ሴሎች ይበጣጥስና ሁሉንም አንድ ላይ ያጣብቀዋል። መጨፍለቂያው ይጫናል እንጂ አይቆርጥም። ልዩነቱ ይሄው ነው።

ድንቹም ወሳኝ ነው። ለወጥ የማትወዱት፣ ቶሎ የሚፈርሰው ዱቄታም ድንች እዚህ ላይ ነው የሚፈለገው። አንድ ኪሎ ልጣችሁ እኩል እኩል ቁረጡና በቀዝቃዛ ውሃ ከነጨው ጣዱት፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት ውጪው ሲፈርስ መሀሉ ጥሬ ይቀራል። ኢንተርኔት ላይ 15 ደቂቃ የሚሉትን አትመኗቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃችን ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ እኔ ቤት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በሹካ ወግታችሁ ያለ ትግል ከተሰነጠቀ በስሏል። ውሃውን አጠንፍፋችሁ ባዶውን ድስት ከነድንቹ ሁለት ደቂቃ እሳት ላይ መልሱት፣ እንፋሎቱ ይውጣለት።

ነጭ ሽንኩርቱን በጥሬው ከትፌ የጨመርኩ ቀን እስከ ማታ ማንም አጠገቤ መቀመጥ አልፈለገም። አሁን ስምንት ዘጠኝ ፍሬ ልጬ፣ ሳልከትፍ፣ ከድንቹ ጋር አብሬ እቀቅለዋለሁ። የሚያቃጥለው ነገር የሚፈጠረው ጥሬው ሲከተፍ ወይም ሲወቀጥ ነው፤ ሙሉውን ከተቀቀለ ለስለስ ይላል፣ ጣፈጥም ይላል፣ ከድንቹም ጋር አብሮ ይጨፈለቃል። ቀጥሎ 100 ግራም ያህል ለጋ ቅቤ። ንጥር ቅቤ አታድርጉበት ብዬ እለምናችኋለሁ! ኮረሪማው ነጭ ሽንኩርቱን ውጦ ያስቀረዋል። መጨረሻ ላይ ሞቅ ያለ ወተት ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ልክ ሲመስላችሁ አቁሙ። በጾም ዘይትና የተቀቀለበትን ውሃ ነው የምጠቀመው፤ ቅቤውን አይተካም፣ ግን ይበላል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። እንከን አለበት። በሁለተኛው ሳምንት የእጀታው ብሎን ላላና በካቻቢቴ አጠበቅኩት፤ እስካሁን በየጊዜው አጠብቀዋለሁ። እንደተጠቀማችሁ ውሃ ውስጥ ካልዘፈዘፋችሁት ቀዳዳዎቹ ላይ የደረቀውን ድንች በጥፍር ነው የምትፍቁት። ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻም ይቧጭራል፤ እኔ አንዱን አበላሽቼበታለሁ። ከአንድ ኪሎ በላይ ከሆነ ደግሞ ክንድ ያዝላል፣ ለድግስ አይሆንም።

እማዬ መጀመሪያ ስታየው «ይሄ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን የሚሠራው አይደል እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች። ባለፈው እሑድ ከጥብስ ጎን አድርጌ አቀረብኩላት። ዝም ብላ በላች፣ ደገመች፣ ከዚያ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና መጨፍለቂያውን እያገላበጠች ታየው ጀመር። አሁን እሷ ቤት ነው ያለው። ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ ሌላ እገዛለሁ፤ ብሎኑን ግን እዚያው ሻጩ ፊት ነው የማጠብቀው።