ጥርስ ያለው ዳዶ በአሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ

አምፕሊፋየሩን የገዛሁት ለብዙ ዓመታት በሆቴል ባንድ ከተጫወቱ አንድ አንጋፋ የጊታር ባለሙያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች የሚሠራና ባለ 12 ኢንች አንድ ስፒከር ያለው ነው። በ120 ቮልት ስለሚሠራ ከእኛ 220 ቮልት ጋር የሚያስማማው ትራንስፎርመር ሁልጊዜ ከጎኑ አይለይም። ድምፁን ወድጄዋለሁ፤ ሙሉ ነው፣ ከፍ ሲል እንኳን ጆሮ አይወጋም። ነገር ግን አምስተኛውን ክር ሳልይዝ ስመታው፣ ማለትም 110 ኸርዝ ላይ ያለውን ላ የተባለ ድምፅ፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ የመሰለ ጢዝታ ከሳጥኑ ይወጣ ነበር። ትዝታን ከላ ተነሥቶ ለሚጫወት ሰው ዜማው በተመለሰ ቁጥር የሚያርፈው እዚያው ክር ላይ ስለሆነ፣ ጢዝታው መሣሪያውን እስከ መጥላት አድርሶኝ ነበር።

አንድ ጠጋኝ የስፒከሩ ወረቀት ተቀድዷልና ይቀየር አለኝ። ሌላው ጥፋቱን በቲዩቦቹ ላይ ጣለ። ሁለቱም ሳጥኑን በእጃቸው አልዳሰሱትም። እውነቱን ያገኘሁት አንድ ቀን ማታ ልጄ ያንኑ ክር ደጋግማ እየመታችልኝ፣ ትኩሶቹን ቲዩቦች እየተጠነቀቅሁ በኋላ በኩል እጄን አስገብቼ የስፒከሩን የብረት ጠርዝ በአውራ ጣቴ ስጫነው ነው። ጢዝታው ወዲያው ጠፋ። ጣቴን ሳነሣ ተመለሰ። ስፒከሩም ቲዩቦቹም ጤነኛ ነበሩ፤ የላላው ማሰሪያው ነው።

ስፒከሩ የታሰረበት የፊት ሰሌዳ ቺፑድ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው የቀደሙትን ብሎኖች አውጥቶ በእንጨት ቪቴ ተክቷቸዋል። ከአራቱ ሦስቱ ካቻቢቴ ሲነካቸው ያለ ምንም ተቃውሞ ይዞራሉ። አንዱን ስነቅለው ከቀዳዳው ሰጋቱራ ፈሰሰ። ቺፑድ እንደ ጣውላ ረጅም ጭረት የለውም፤ ተፈጭቶ በማጣበቂያ የተጋገረ እንጨት ስለሆነ ለዓመታት የተንቀጠቀጠ ቪቴ ዙሪያውን መልሶ ይፈጨዋል። ከዚያ በኋላ ቪቴውን ማጥበቅ ቀዳዳውን ከማስፋት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

መጀመሪያ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ቀዳዳዎቹን በጥርስ መፋቂያ ስንጥርና በእንጨት ኮላ ሞላሁ። ሦስት ሳምንት ቆየ።

ከዚያ በኋላ ነው ይህን ዕቃ የገዛሁት፦ 5 ሚሊሜትር ብሎን የሚቀበል፣ አንገቱ እንጨት ውስጥ የሚገባና ከንፈሩ ላይ አራት ጥርስ ያለው ዳዶ። የሚገባው በሰሌዳው ፊት፣ ከጨርቁ ሥር ነው። ብሎኑ ከኋላ ሲጠብቅ ዳዶውን ወደ እንጨቱ ይስበዋል፤ ስለዚህ በጠበቀ ቁጥር ጥርሶቹ ይበልጥ ይነክሳሉ። ቪቴ ከዚህ አሠራር ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም።

ሥራው አንድ ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። የስፒከሩን ሽቦዎች ሳልፈታ በፊት የትኛው የትኛው ላይ እንደነበረ ምልክት አደረግሁ። ስፒከሩ ሳይገናኝ አምፕሊፋየሩን ማብራት የውስጡን የውጤት ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ማንም ሳያውቅ እንዳይሰካው መሰኪያውን ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። የኤሌክትሪክ ክፍሉን አልከፈትሁም፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዙ ይችላሉ። ስፒከሩን ስፈታ ወረቀቱን በካርቶን ሸፍኜው ነበር። ካቻቢቴው አንድ ጊዜ አመለጠኝና ካርቶኑን በሳው። ካርቶኑ ባይኖር የሚበሳው ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው ወረቀት ነበር።

ቀዳዳዎቹን በ6.5 ሚሊሜትር ፑንታ አስተካከልሁ፣ የተፈረፈረውን ግድግዳ በኢፖክሲ አጠጣሁ፣ የዳዶዎቹንም ከንፈር ኢፖክሲ ቀባሁ። ማጣበቂያው ወደ ብሎኖቹ ጥምዝ መስመር ገብቶ እንዳይዛቸው ብሎኖቹን በሻማ ሰም አሽቼ አስገባኋቸውና 24 ሰዓት ተውኋቸው። ቺፑድ ላይ ዳዶውን በመዶሻ መምታት ሰሌዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ብሎኑን በእርጋታ እያጠበቁ ማስገባት ይሻላል። ከፓኬቱ ጋር የተሸጡት ብሎኖች 30 ሚሊሜትር ስለሆኑ ጫፋቸው ወጥቶ የፊቱን ጨርቅ ይገፋል። እያንዳንዳቸውን በሴጌቶ 6 ሚሊሜትር ቆርጬ በሞረድ አለሰለስሁ፤ ይህን ያደረግሁት ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፣ የብረት ብናኝ ወደ ስፒከሩ ማግኔት ከገባ አይወጣምና። ከስምንቱ ዳዶዎች የአንዱ ጥርስ የተበላሸ ነበር፤ ያስፈለጉኝ አራት በመሆናቸው አልተቸገርሁም።

ሲታሰር እንደ መኪና ጎማ በመስቀለኛ፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚጠበቀው። አንዱን ጎን ብቻ አጥብቆ መጨረስ የስፒከሩን ብረት ያጣምመዋል፤ ብረቱ ከተጣመመ ደግሞ የመሐሉ ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን መፋተግ ይጀምራል፣ ያኔ እውነትም ስፒከር መቀየር ይመጣል። በመጀመሪያ በብረቱና በሰሌዳው መካከል ቆርጬ ያስገባሁት የመኪና ካላማዳሪያ ነበር። በጣም ስለሚለሰልስ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ እጄ አላወቀም። በሁለተኛው ወር አውጥቼ 2 ሚሊሜትር ቡሽ አደረግሁበት፣ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥርም ሮንዴላ ጨመርሁ።

ቡሹን ካስገባሁ ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱ ብሎኖች ሩብ ዙር ተቀበሉ። ክረምቱን ቤቱ እርጥበት ስለነበረው ሰግቼ በየሳምንቱ እፈትሽ ነበር፤ አልላሉም። በዘጠነኛው ወር ሁሉም ባሉበት ናቸው። አሁን አምስተኛው ክር ሲመታ ላው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ይሞታል። ያልጠበቅሁትም ነገር ተገኘ፤ ከላው በታች ያሉት ድምፆች ከበፊቱ ጠንከር ብለዋል፣ ወለሉ ላይ በእግሬ እሰማቸዋለሁ።

ሰሌዳው ጤነኛ ኮምፔርሳቶ ከሆነ ዳዶው ብቻውን ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ቺፑድ ላይ ግን ያለ ኢፖክሲ አልመክርም፦ በግራ ታችኛው ቀዳዳ ጥርሶቹ የሚነክሱት አጥተው፣ እስካሁን ያ ዳዶ የቆመው በማጣበቂያው ብቻ ነው። እሱ ከላላ አዲስ የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ አስቆርጣለሁ፤ ልኩን ከወዲሁ ካርቶን ላይ ስዬ አስቀምጫለሁ።